የማይሰማውን መስማት፦ የህብለ ሰረሰርና የነርቭ ጉዳት ላለባቸው ሕሙማን የነርስ እንክብካቤ ቅድሚያዎች

መግቢያ

ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ስንመደብ ለእኔ የደረሰኝ የአጥንትና የአከርካሪ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል ነበር። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። ጓደኞቼ ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ ክፍል ደርሷቸው ሲደሰቱ እኔ ግን "ሰው ለወራት ተኝቶ ምንም የማይለወጥበት ክፍል ደረሰኝ" እያልኩ አጉረመርም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የገጠመኝ ነገር ግን ይህን አስተሳሰቤን ከሥሩ ነቀለው።

ሕመምተኛው ከፎቅ ግንባታ ላይ ወድቆ አንገቱ የተጎዳ ወጣት ነው። አደጋው ከደረሰበት ሁለት ወር አልፎታል። ከደረቱ በታች ምንም አይሰማውም፣ እግሮቹም አይንቀሳቀሱም። ከሰዓት በኋላ የደም ግፊቱን ልለካ ስጠጋው "ሲስተር፣ ራሴን ሊፈነዳ ነው" አለኝ። ፊቱ ግሏል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ግፊቱ 170/100 ሆነ፤ ትኩሳት የለውም። እኔም "አይዞህ፣ ራስ ምታት ነው፣ ትንሽ ጋደም በል፣ ማስታገሻ አመጣልሃለሁ" ብዬ ከፍ ያለውን ራስጌውን ዝቅ አደረግኩና አስተኛሁት። ከዚያም ቁጥሩን ቻርቱ ላይ ጻፍኩ። ጻፍኩ እንጂ ቁጥሩ ምን እያለኝ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ተረኛዋ ሲስተር ቻርቱን እንዳየች እየሮጠች መጣች። አንዲት ቃል ሳትናገር ራስጌውን ቀጥ አድርጋ ከፍ አደረገች፣ የቁምጣውን መቀነት ፈታች፣ ከዚያ የሽንት ካቴተሩን ቱቦ በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው። ቱቦው ታፋው ሥር ገብቶ ታጥፏል። ገና ስታቃናው ሽንቱ ወደ ከረጢቱ ይወርድ ጀመር። ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ግፊቱን ስትለካው ወርዷል፣ ራስ ምታቱም ለቀቀው። ልጁን "ፊኛህ ሲሞላ አልተሰማህም?" ብለው "ምኑ ይሰማኛል ሲስተር" አለኝ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች መልስ ነው። የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ሰውነቱ አደጋ ላይ መሆኑን የሚነግረው መስመር ተቆርጦበታል። ሌላው ሕመምተኛ "አመመኝ፣ ቆረቆረኝ፣ አቃጠለኝ፣ ሽንቴ መጣ" ይላል፤ እሱ ግን አይልም። ስለዚህ የነርሷ የመጀመሪያ ሥራ ሕመምተኛው የማይሰማውን ፈልጋ ማግኘት ነው። ቅድሚያዎቻችን ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

ስለ ህብለ ሰረሰር አጭር ማስታወሻ

አናቶሚ ላይ የተማርነውን በጥቂቱ ላስታውስ። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ ይወርድና በአዋቂ ሰው ላይ 1ኛውና 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከእሱ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፦ 8 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ፣ 5 የዳሌና 1 የጭራ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በክፍሉ እንደምንጠራቸው የአንገቱን "ሲ"፣ የደረቱን "ቲ"፣ የወገቡን "ኤል" እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንድ ሕመምተኛ ሲገባ "ጉዳቱ የት ላይ ነው?" የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ ብቻ የሚተው አይደለም። ለምሳሌ ድያፍራምን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚነሣው ከሲ-3፣ ሲ-4 እና ሲ-5 ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ከሲ-3 በላይ ከሆነ ሰውየው ያለ መሣሪያ መተንፈስ አይችልም። ልብን የሚያፋጥኑና የደም ሥሮችን የሚያጠብቡት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ደግሞ ከቲ-1 እስከ ኤል-2 ባለው መካከል ይወጣሉ። ጉዳቱ ከፍ ባለ ቁጥር ከአንጎል ትእዛዝ ውጪ የሚሆነው የሰውነት ክፍል ይበዛል። ቻርት ላይ "ሲ-6" ወይም "ቲ-10" ተብሎ ሲጻፍ ዛሬ ማታ ምን ሊያጋጥመን እንደሚችል እየተነገረን ነው ማለት ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳቱ ሁለት ጊዜ የሚደርስ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው በአደጋው ቅጽበት የደረሰው ሲሆን እሱን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሁለተኛው በቀጣዮቹ ሰዓታትና ቀናት በእብጠት፣ በኦክስጅን እጥረትና በደም ግፊት መውረድ የሚጨመረው ነው። ነርስ የምትዋጋው ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን ለእነዚህ ሕሙማን እንደ ደንብ ይሰጥ ነበር። አሁን ግን ጥቅሙ አከራካሪ፣ ኢንፌክሽንና የጨጓራ መድማት ማስከተሉ ደግሞ የታወቀ በመሆኑ ለሁሉም እንደ ደንብ የሚሰጥ አይደለም። በአሮጌ መጽሐፍ ላይ ያገኘነውን እንዳለ አንቀበል ለማለት ነው።

ቅድሚያ አንድ፦ አንገትን ሳያንቀሳቅሱ ትንፋሽን መጠበቅ

ከፍታ ላይ የወደቀ፣ በመኪና የተገጨ ወይም ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ሁሉ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አከርካሪው እንደተጎዳ ይቆጠራል። የአየር መንገዱን ስንከፍት አገጩን ወደ ላይ አንስተን ራሱን ወደ ኋላ አናጥፍም፤ መንጋጋውን ብቻ ወደ ፊት እንገፋለን። ስናገላብጠው "እንደ ግንድ" ነው፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ዳሌና እግር በአንድ መስመር፣ በአንድ ጊዜ። ለዚህ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም ራሱን የያዘው ሰው ነው። እኛ ክፍል ሰው ሲጎድል ቤተሰብ ይጠራ ነበር። ይህ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳያስረዱ "በሉ ያዙልኝ" ማለት ነው።

አንድ መርሳት የሌለብን ነገር አለ። ጠንካራው ማጓጓዣ ሰሌዳ ለማጓጓዝ ብቻ ነው። ሕመምተኛው ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ሰሌዳው ላይ በቆየ ቁጥር ቆዳው እየሞተ ነው። የአንገት ድጋፉም ሥር አገጭና የራስ ቅል ጀርባ ሊቆስሉ ስለሚችሉ በየጊዜው መታየት አለባቸው።

የመተንፈስ ችግር በመጀመሪያው ቀን ባይታይም እብጠቱ ወደ ላይ ሲወጣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሊመጣ ይችላል። ሳል የሚገፋው በሆድና በጎድን ጡንቻዎች ነው፤ እነዚህ ከሰነፉ ሰውየው ቢተነፍስም አክታውን ማውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ የትንፋሽን ቁጥር ብቻ ቆጥረን አንሂድ። ንግግሩ በየሁለት ቃሉ ይቆራረጣል? ሳሉ ጉልበት አለው? ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ፣ ሆዱ ወደ ውጭ ይሄዳል? ኦክስጅን መለኪያው 95 ስላለ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የደከመ ሰው ቁጥሩ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። አክታ ስንመጥም የአንገት ጉዳት ያለበት ሰው የልብ ምቱ በድንገት ሊቀንስ ስለሚችል ቀድመን ኦክስጅን እንሰጣለን፣ መምጠጡን እናሳጥራለን፣ አትሮፒን በቅርብ መኖሩንም እናረጋግጣለን።

ቅድሚያ ሁለት፦ የደም ግፊትና የልብ ምት

ደም የፈሰሰው ሰው ግፊቱ ይወርዳል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ቆዳው ይቀዘቅዛል። ከቲ-6 በላይ የተጎዳ ሰው ግን ግፊቱ ወርዶ ልቡ ቀስ ሊል ይችላል፤ ቆዳውም ሞቃትና ደረቅ ነው። ይህ ነርቭ ወለድ ሾክ ይባላል። የደም ሥሮቹን የሚያጠብብ ትእዛዝ ስለተቋረጠ ደሙ ሳይፈስ ከታች ይከማቻል። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመን ፈሳሽ ብቻ እየጨመርን ሳንባውን እንዳናጥለቀልቀው ነው፤ ብዙ ጊዜ የደም ሥርን የሚያጠብብ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። ከፎቅ የወደቀ ሰው ሆዱ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ሆዱን ብንነካው ግን አያመውም። እዚህም ላይ የማይሰማውን መፈለግ የእኛ ሥራ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚታየው ሌላው ነገር ስፓይናል ሾክ ነው። ከጉዳቱ በታች ጡንቻው ይልፈሰፈሳል፣ ሪፍሌክስ ይጠፋል። ይህ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆያል። ከዚያ በኋላ እግሮቹ በራሳቸው ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ። ቤተሰብ ይህን አይቶ "ተንቀሳቀሰ! ዳነ!" ብሎ እልል ሲል አይቻለሁ። ሪፍሌክስና በፈቃድ የሚደረግ እንቅስቃሴ የተለያዩ መሆናቸውን በደግነት ግን በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ቅድሚያ ሦስት፦ ቆዳ

ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ አንድ የግብፅ የሕክምና ጥቅልል አንገቱ ተሰብሮ እጅና እግሩን የማያውቅ፣ ሽንቱም የሚንጠባጠብበትን ሰው ገልጾ ሊታከም የማይችል ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ አመለካከት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙም አልተለወጠም ነበር። ሕሙማኑን ይገድላቸው የነበረው ግን በአብዛኛው የህብለ ሰረሰሩ ጉዳት ራሱ ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ሕሙማን ክፍል ሲከፍት ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ሕሙማኑ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ ማድረግ ነው። አዲስ መድኃኒት አላመጣም፤ ሥርዓት ነው ያመጣው። እነዚያ "አይተርፉም" የተባሉ ሰዎች ተርፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያው ሆስፒታል ግቢ 16 ሆነው የቀስት ውድድር አደረጉ። የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻ ያ ነው። መገላበጥን እንደ ተራ ሥራ የምናይ ሁሉ ይህን ታሪክ ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ሰዓት የሚለው መነሻ ነው፤ እንደ ፍራሹና እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ወሳኙ ስናገላብጠው ማየታችን ነው። የምናያቸው ቦታዎች አጥንት የሚወጣባቸው ናቸው፦ ቂጥ በላይ ያለው የዳሌ አጥንት፣ ተረከዝ፣ የዳሌ ጎን፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የራስ ቅል ጀርባ። መጽሐፎቻችን "ቀይ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ" ይላሉ። የእኛ ሰው ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከአካባቢው ይልቅ ጠቆር ማለቱን፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ መሞቁን፣ መጠንከሩን ወይም መላሸቁን እንፈልግ። ዓይን ብቻ አይበቃም፣ እጅም ያስፈልጋል።

በክፍሉ ውስጥ በልማድ የሚደረጉ፣ እኔም ስሠራቸው የነበሩ፣ ግን የማይመከሩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በውሃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ባት ሥር ትራስ አድርገን ተረከዙ ምንም እንዳይነካ አንጠልጥለን መተው ነው። ሁለተኛው እንደ ቀለበት የተሠራ መቀመጫ ነው፤ መሐሉን ቢያሳርፍም ዙሪያውን ደም ያግዳል። ሦስተኛው የጠቆረውን ቦታ ማሸት ነው፤ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ክብደቱን ማዛወር መማር አለበት። ላብና ሽንት ቶሎ ይጠረግ፣ አንሶላው አይጨማደድ፣ ሰውየው ፕሮቲን ያለው ምግብ ያግኝ። ሽሮም ይሁን እንቁላል፣ ቤተሰቡ ማምጣት የሚችለውን ጠይቀን እንምከር።

ቆዳን በተመለከተ አንድ ቀን ያየሁትን ልጨምር። የአንዱ ሕመምተኛ እናት ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው እግሩ ሥር ሊያደርጉ ነው። "እማማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?" ስላቸው "እግሩ በረዶ ሆነብኝ ልጄ፣ ላሙቅለት ብዬ ነው" አሉኝ። እግሩ የቀዘቀዘው የደም ሥሩ ትእዛዝ ስለተቋረጠ ነው፤ ጠርሙሱ ግን ቢያቃጥለው አያውቅም፣ አይጮኽም። ጠርሙሱን ቀበልኳቸውና ውሃው ስንት እንደሚሞቅ በእጃቸው እንዲነኩት አደረግኩ፤ በእሱ ፈንታ ካልሲና ብርድ ልብስ አደረግንለት። እናትየው ጥፋተኛ አይደሉም። ማንም አልነገራቸውም።

ቅድሚያ አራት፦ ፊኛና አንጀት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊኛው ስለሚልፈሰፈስ የማይወጣ ካቴተር ይገባል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች፣ ግን ወለል ሳይነካ ይሰቀላል፤ ቱቦው ታፋ ላይ ይታሰራል፤ መታጠፍ አለመታጠፉ ሕመምተኛው በተገላበጠ ቁጥር ይታያል። ሁኔታው ሲረጋጋ ግን ካቴተሩን ለዘለዓለም መተው ጥሩ አይደለም። የተሻለው በየ4 እስከ 6 ሰዓት ካቴተር አስገብቶ ሽንቱን አስወጥቶ መልሶ ማውጣት ነው። የእያንዳንዱ ጊዜ መጠን ከ500 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚጠጣውን ውሃ ቀኑን ሙሉ አካፍሎ መጠጣት ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ዶክተር ጃክ ላፒደስ ከባልደረቦቹ ጋር ይህ ሥራ ቤት ውስጥ በስቴራይል ሳይሆን በንጹሕ እጅና በንጹሕ ካቴተር ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፊኛን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ተለጥጦ መቆየቱ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሕሙማን ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ሳሙናና ውሃ ካለው፣ ካቴተርም ካገኘ፣ ገጠርም ቢሆን ኩላሊቱን አድኖ መኖር ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ግን እኛ ስንሠራው በአሴፕቲክ ዘዴ ነው። ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ፣ ትኩሳትና ሌላ ምልክት ከሌለ፣ አንቲባዮቲክ አይጀመርም።

ለአንጀትም እንዲሁ ሰዓት ያስፈልገዋል። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምግብ ከተበላ 30 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ አንጀት በራሱ በሚነቃቃበት ጊዜ እንሞክራለን። ጉዳቱ ከፍ ያለ ከሆነ በጓንትና በቅባት ቀስ ብሎ በጣት ማነቃቃት ይሠራል፤ ጉዳቱ ዝቅ ብሎ ሪፍሌክሱ የጠፋ ከሆነ ሰገራውን በጣት ማውጣት ግድ ይሆናል። ይህን ሥራ ብዙዎቻችን እንሸሸዋለን፤ ሕመምተኛውም ያፍራል። መጋረጃ መዝጋት፣ የሚሠራውን አስቀድሞ መንገር፣ ፊትን አለማኮሳተር። ክብር ማለት እዚህ ቦታ እነዚህ ናቸው።

ወደ ራስ ምታቱ ልመለስ

አሁን መግቢያው ላይ የተውኩትን ወጣት እናንሣ። የደረሰበት አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል። ቲ-6 ላይ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዱ ሰዎችን የሚያጠቃ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስፓይናል ሾክ ካለፈ በኋላ ነው። ፊኛው ሲሞላ ስሜቱ በህብለ ሰረሰሩ ወደ ላይ ይጓዛል፣ ግን ጉዳቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አንጎል አያውቅም። ከጉዳቱ በታች ያሉት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ግን ያለ ተቆጣጣሪ ተነሥተው የደም ሥሮችን ያጠባሉ፣ ግፊቱም ይተኮሳል። አንጎል ግፊቱን ሲያውቅ ልብን ያዘገያል፣ ከጉዳቱ በላይ ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል። ለዚህ ነው ፊቱ ግሎ፣ ግንባሩ አልቦት፣ ራሱ ሊፈነዳ የነበረው። ከታች ግን ቆዳው ቀዝቃዛና የተኮማተረ ነው።

ልብ በሉ፣ የእነዚህ ሕሙማን የተለመደ የላይኛው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው። ስለዚህ ለሌላው ሰው ደህና የሚመስል 140 ለእነሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱን ሰው የተለመደ ግፊት ማወቅ አለብን፤ ከዚያ በ20 እስከ 40 ከጨመረ እንጠርጥር። ካልታከመ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ሞት ሊያስከትል ይችላል። እኔ ያን ቀን ያስተኛሁት ሰው ስትሮክ ሊመታው ይችል ነበር። ሲተኛ ግፊቱ ይጨምራልና።

የሚደረገውም በቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ወዲያው ማስቀመጥ፤ ራስጌውን ቀጥ ማድረግ፣ እግሮቹን ዝቅ ማድረግ።
2. ጥብቅ ያለውን ሁሉ ማላላት፦ ቀበቶ፣ ካልሲ፣ የሆድ መጠቅለያ፣ ጫማ።
3. ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃ መለካት።
4. ፊኛን ማየት። ካቴተር ካለ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳሰስ፤ ከተዘጋ በጥቂት ሰላይን ቀስ ብሎ መክፈት፣ እምቢ ካለ መቀየር። ካቴተር ከሌለ በሊዶኬይን ጄል ማስገባት።
5. ፊኛ ካልሆነ አንጀትን ማየት፤ በጣት ከመንካት በፊት ሊዶኬይን ጄል ማድረግና ጥቂት መጠበቅ።
6. ከዚያም ቆዳን፦ የአልጋ ቁስል፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር፣ የተጨማደደ አንሶላ።
7. የላይኛው ግፊት 150 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ሐኪሙ የሚያዘውን ፈጣን መድኃኒት መስጠት። ናይትሬት ከመሰጠቱ በፊት ሕመምተኛው ሲልደናፊል ወስዶ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ግፊቱ ከወረደ በኋላም ቢያንስ ለ2 ሰዓት መከታተል ያስፈልጋል፤ ሊመለስ ወይም ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።

የማይረሱ ሌሎች ነገሮች

የማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። ሌላው ሰው ባቱን ሲያመው ይናገራል፤ እነዚህ ግን አይሰማቸውም። ስለዚህ የሁለቱን ባቶች ዙሪያ በሜትር እየለካን እናወዳድር፣ የታዘዘውን ሄፓሪን በሰዓቱ እንስጥ፣ ያበጠ እግር ደግሞ በጭራሽ አይታሽ። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት የተለመደ በመሆኑ ይህን ለቤተሰቡ አስቀድመን እንንገር፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አንገትና ወገብንም ማንም "ላቃና" ብሎ እንዳይነካ። መገጣጠሚያዎችን በየቀኑ ማንቀሳቀስና እግርን ቀጥ አድርጎ ማስደገፍ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሥራ ብቻ አይደለም፤ እሱ በሌለበት ሰዓት የእኛ ነው።

ጉዳቱ ከአደጋ ካልመጣ

በእኛ አገር እግሩ የሰነፈ ሰው ሁሉ የወደቀ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ አንዱ ምክንያት ነው። ለሳምንታትና ለወራት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ጀርባ ላይ የወጣ ጉብታ ካለ እናስበው። የዚህ ሕመም ደስ የሚለው ነገር መድኃኒቱን በሥርዓት የወሰደ ብዙ ሰው እግሩ መመለሱ ነው። ሕክምናው ከተለመደው 6 ወር ስለሚረዝም ሰውየው ሻል ሲለው እንዳያቋርጥ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው። አይሶናያዚድ ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ቫይታሚን ቢ-6 መሰጠቱን፣ እግሩን መደንዘዝ ወይም ማቃጠል መጀመሩንም እንጠይቅ።

ሌላው ጊሊያን ባሬ ነው። እዚህ የሚጎዳው ህብለ ሰረሰሩ ሳይሆን ከእሱ የወጡት ነርቮች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ድክመት ነው። ዛሬ ጠዋት ቆሞ የሄደ ሰው ነገ ማታ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቀላል ዘዴ አለ፦ በረጅሙ አየር ስቦ በአንድ ትንፋሽ እንዲቆጥር ማድረግ። ትናንት 35 ደርሶ ዛሬ 20 መድረስ ካቃተው ሐኪም ይጠራ፣ እስከ ራውንድ አይጠበቅ። አብዛኞቹ እነዚህ ሕሙማን መልሰው ይራመዳሉ፤ ስለዚህ እስከዚያ ቆዳቸውንና ሳንባቸውን ያቆየላቸው ሰው ብዙ ሠርቷል።

በመጨረሻም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው "ሽንቴ እምቢ አለኝ፣ መቀመጫዬም ደነዘዘ" ካለ ይህ የወገብ ነርቮች መጨፍለቅ ሊሆን ስለሚችል የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

እውነትን መናገርና ቤትን ማዘጋጀት

"ሲስተር፣ እራመዳለሁ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ሁላችንንም ያስጨንቃል። እኔ መጀመሪያ "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብዬ እሸሽ ነበር። ተረኛዋ ሲስተር ግን አንድ ወንበር ስባ ትቀመጥና "አንተ ምን ትሰማለህ? ሐኪሞቹ ምን ነገሩህ?" ብላ ትጀምራለች። ያልታወቀውን እናውቃለን አትልም፣ ተስፋም አትቆርጥም። "ስለ እግርህ ጊዜ ይነግረናል፤ ቁስል እንዳይወጣብህ ግን ዛሬ ማድረግ የምንችለው አለ" ትለዋለች። ይህ አነጋገር ውስጤ ቀርቷል።

ሕመምተኛው የሚወጣበት ቀን ሳይደርስ ነው ማስተማር ያለብን። በትንሽ መስታወት ቂጡንና ተረከዙን ማየት፣ ካቴተር ማስገባትና ማጠብ፣ ራስ ምታት ሲመጣ ቶሎ ቁጭ ማለት፣ ከምድጃ መራቅ፣ እንዲሁም ስለ ትዳርና ስለ ልጅ መውለድ ያለውን ጥያቄ አፍረን አለማለፍ። አስታማሚዋ እናት፣ እህት ወይም ሚስት ናት፤ እሷም ትደክማለች፣ ወገቧ ይጎዳል፣ ሥራዋ ይቀራል። እንዴት እንደምታነሣው፣ ማን እንደሚያግዛት አብረን እናስብ። ከዲሲሪፍሌክሲያ ጋር የሚኖር ሰው ደግሞ ምልክቱንና የሚደረገውን በአማርኛ የተጻፈ ትንሽ ካርድ ኪሱ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ይህን አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላልና።

ማጠቃለያ

ቅድሚያ የሚባለው ነገር እንደ ጊዜው ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና አከርካሪን አለማንቀሳቀስ ነው። በሳምንታቱ ውስጥ ቆዳ፣ ፊኛ፣ አንጀትና የደም መርጋት ነው። ወደ ቤት ሲቃረብ ማስተማር ነው። ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው የማይሰማው ምን አለ?

ወጣቱ ልጅ እኔ ልምምዴን ስጨርስም እዚያው ነበር። ላሰናብተው ስሄድ እጄ ሳላስበው ቱቦውን እየዳሰሰ ሄደ። "ዛሬ ደህና ነው ሲስተር፣ እኔም በመስታወት አይቼዋለሁ" አለኝ። መስታወቱ ትራሱ ሥር ነበር።